ለቤተ መጻሕፍት ለተመደባችሁ ወጣት መምህራን

በቅርቡ አዘዞ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን እንድትይዝ የተመደበች ወጣት መምህርት፣ «ጋሼ፣ ኮምፒውተር ሊገዛልን ነው ተብሏል፤ እስከዚያ መጻሕፍቱን በእጅ መመዝገቡ ትርፉ ድካም አይሆንም?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ቅን ነው። የዚያን ቀን አጭር መልስ ሰጥቻት ብለያይም ቤቴ ገብቼ ሳስበው ያልነገርኳት ብዙ ነገር እንዳለ ተሰማኝ፤ እንደ እርሷ ያላችሁ ሌሎችም ብዙ ስለሆናችሁ ለሁላችሁም ልጻፍ አልኩ።

በወጣትነቴ ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስመደብ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት፣ ትናንሽ መሳቢያዎች ያሉት የእንጨት ቁም ሣጥን አስረከቡኝ። በየመሳቢያው ሰባት ሴንቲ ተኩል በአሥራ ሁለት ሴንቲ ተኩል የሆኑ ካርዶች ቆመው ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ካርድ ታችኛ ጠርዝ መካከል ላይ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ ስለሚያልፍ ተማሪው እንደ ልቡ ቢያገላብጣቸውም ተራቸው አይዛነፍም። ጋሼ በልጅነታቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ቁም ጽሕፈት የተማሩ ስለነበሩ ፊደላቸው እንደ ብራና ጽሑፍ ጥርት ያለ ነበር። ለአንድ መጽሐፍ በደራሲው፣ በርእሱና በሚናገርበት ጉዳይ ቢያንስ ሦስት ካርድ ይጽፉ ነበር። በጊዜው እንደ ተራ ነገር ያየሁት፣ አሁን ግን ከሁሉ የሚቆጨኝ፣ ከዚያ አልፈው ይሠሩት የነበረው ሥራ ነው። አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ስለ ደምቢያ ሜዳ ሁለት ገጽ ቢኖረው፣ አንድ የቆየ መጽሔት ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎች ቢጽፍ፣ ለዚያች ለሁለቷ ገጽ ብቻ ካርድ ያወጡላት ነበር፤ ከላይ ጉዳዩ፣ ከሥሩ የመጽሐፉ ርእስ፣ መለያ ቁጥሩና ገጹ ይጻፋል። የጎንደር ልጅ ስለ ገዛ አገሩ ሊያነብ ሲመጣ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ማለት ነው።

ጋሼ ባረፉ በማግሥቱ ዓመት፣ እኔ ለክረምት ሥልጠና አዲስ አበባ ሳለሁ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ክፍል ስለጠበባቸው ቤተ መጻሕፍቱን ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩት። መጻሕፍቱ በደህና ተሸክመው ተወስደዋል። ቁም ሣጥኑ ግን ለጽሕፈት ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ስለተፈለገ ዘንጎቹ ተመዘው ካርዶቹ በጆንያ ተሞልተው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። የጎንደርን ሐምሌ የምታውቁ ቀሪውን ትገምቱታላችሁ። በመስከረም ስመለስ ከሥር ያሉት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ ቀለማቸው ፈስሶ፣ ከላይ የነበሩት ደግሞ ጀርባቸው ንጹሕ ስለነበር ለሻይ ቤት ሒሳብ መጻፊያ ሲውሉ አገኘኋቸው። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ላያቸው ሰው ወረቀት ብቻ ነበሩ።

በዚያው ዓመት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መጥታ ስለ እቴጌ ምንትዋብና ስለ ቁስቋም ግቢያቸው የሚነበብ ነገር እንድሰጣት ጠየቀችኝ። «ምንትዋብ» የሚል ካርድ እንደነበረ አውቃለሁ። ጋሼ ስሙን በቀይ ቀለም ጽፈው ከሥሩ አስምረውበት እንደነበር ሳይቀር ይታየኛል፤ ወደ የትኛው መጽሐፍ፣ ወደ የትኛው ገጽ እንደሚመራ ግን አላስታውስም። መጽሐፉ ከመደርደሪያዎቹ በአንዱ ላይ ሆኖ፣ እኔም እርሷም በዚያው ክፍል ቆመን ሳለን፣ ልጅቷ አመስግና ባዶ እጇን ሄደች። በኋላ በትርፍ ጊዜዬ ገጽ በገጽ እየገለጥኩ አንዳንዱን መለስኩት፤ የምንትዋብን ግን አላገኘሁትም።

ከዚያ ጥፋት የተረፈው በጽሕፈት ቤት ካዝና ተቆልፎበት የነበረው የገቢ መዝገብ ብቻ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ በገባበት ተራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የገባበት ቀን፣ ደራሲው፣ ርእሱ፣ የታተመበት ቦታና ዓመት፣ ዋጋውና የተገኘበት መንገድ ተጽፎበታል፤ ያው ቁጥር በመጽሐፉ የርእስ ገጽ ላይ ከማኅተሙ ጋር አለ። በዚህ መዝገብ ምን እንደነበረንና ምን እንደጠፋ አውቀን የደራሲና የርእስ ካርዶችን እንደገና ጻፍን። መዝገቡ ያልመለሰልን መጽሐፉ ስለ ምን እንደሚናገር ነው፤ እርሱ በካርዶቹ ላይ ብቻ ነበር። እንግዲህ ለመምህርቷ የምሰጠው መልስ ከዚህ ይጀምራል፤ መዝገብ ንብረቱን ይጠብቃል፣ ካታሎግ፣ ማለትም የካርዶቹ ዝርዝር፣ ደግሞ አንባቢውን ከመጽሐፉ ያገናኛል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ተማሪዎችን ፋሲል ግቢ ይዤ ስገባ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት በሚባለው ሕንፃ ፊት ቆመው ምን ምን መጻሕፍት ነበሩበት ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በተለይ ከጎንደር አድባራት አሰባስበው መቅደላ ካከማቿቸው ብራናዎች ብዙዎቹ በ1868 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ለንደን ገቡ፤ ዊልያም ራይት የተባለ ምሁርም የብሪቲሽ ሙዚየምን የግእዝ መጻሕፍት ዝርዝር ሠርቶ በዚያው አቆጣጠር በ1877 አሳተመ። ዛሬ የእኛን መጻሕፍት ይዘት ለማወቅ የምንገልጠው ያንን ዝርዝር ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የዝርዝር ሥራ የጸሐፊ ሥራ ብቻ ነው የሚሉትን ልቀበላቸው አልችልም።

የዛሬ ወጣቶች ኮምፒውተሩ ሁሉን ያገኛል ብላችሁ ታምናላችሁ። የሚያገኘው እናንተ በጻፋችሁት ልክ ብቻ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ውሰዱ። መጽሐፋቸው በየትኛው ፊደል ሥር ይመዘገባል? ብላቴን ጌታ ማዕረግ ስለሆነ አይቀድምም፤ ወልደ ሥላሴ የአባት ስም ስለሆነ በእርሱ አይመዘገብም፤ በእኛ ሥርዓት ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነውና ኅሩይ ተብሎ ይመዘገባል። የውጭ አገር ፎርም የአባት ስም አስቀድሙ ቢላችሁ እሺ አትበሉት። ሆኖም አንዱ ተማሪ በሀሌታው «ህ»፣ ሌላው በሐመሩ «ሕ»፣ ሦስተኛው በብዙኃኑ «ኅ» ይፈልጋቸዋል። በካርድ ዘመን ሀ የመጀመሪያው፣ ሐ ሦስተኛው፣ ኀ ደግሞ አሥራ ሦስተኛው ፊደል ስለሆነ ሦስት የተለያዩ መሳቢያዎች ነበሩ፤ ለኮምፒውተሩም ሦስቱ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ ካላስተማሩት በቀር አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ስለዚህ የደራሲውን ስምና ርእሱን በመጽሐፉ የርእስ ገጽ ላይ እንደታተመው ጻፉ፤ ፊደል አታርሙ። ከዚያ በሌሎቹ አጻጻፎች ወደዚያው የሚመራ ማጣቀሻ አድርጉ። ገብረ ሕይወት፣ ኃይለ ማርያም የመሳሰሉትን ስሞችም በሁለት ቃል ቢጻፉ እንኳ እንደ አንድ ስም ያዟቸው።

መጻሕፍትን በሚናገሩበት ጉዳይ የሚለየውን የመደብ ቁጥር በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው አሥር ታላላቅ መደብ ያለው አሠራር ለትምህርት ቤት ይበቃል፤ ሒሳብ 510፣ ፊዚክስ 530፣ ኬሚስትሪ 540፣ እርሻ 630፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ቁጥሩን አታርዝሙት፤ ሦስት አኃዝ ላይ ብትቆሙ ማንም አይጎዳም። ይህን ብልም የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 መሆኑን መተው አልችልም፤ በ890 ብቻ ብትጽፉት የእኛ ልቦለድ ከሩቅ ምሥራቅ ሥነ ጽሑፍ ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ልቦለዱ ብዙ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ትታችሁ «ል» ከሚል ምልክት ጋር የደራሲውን ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደሎች፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው ጎኑ ላይ ለጥፉ፤ ተማሪዎች የሚወዱት ይህንን ነው። የታተመበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ዓ.ም. ብላችሁ ጻፉ፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚያሳስት ካርድ በታሪክ መምህሩ ዘንድ ያስወቅሳል።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ የጉዳይ ካርዱን ነው። ተማሪው የደራሲ ስም ይዞ አይመጣም፤ «የቤት ሥራ ስለ ቁስቋም ታዘናል» ብሎ ነው የሚመጣው። እርሱ በሚጠራበት ቃል ጻፉለት። ፈጣኖች ናችሁ፣ እኛ በወር የሠራነውን በሳምንት ትጨርሳላችሁ፤ ነገር ግን መጽሐፉን ሳትገልጡ ከሽፋኑ ላይ ብቻ የምትመዘግቡ ከሆነ ፍጥነታችሁ ለልጁ አይደርሰውም። ማውጫውን አንብቡ፣ ስለ ጎንደር፣ ስለ ጣና፣ ስለ ስሜን ተራራ ያለበትን ገጽ አውጡለት።

ለመምህርቷም፣ አሁኑኑ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ አስገዝተሽ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምሪ። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ነው፤ ከመዝገቡ ላይ በገቢ ቁጥር ተራ ታስገቢዋለሽ። በየሳምንቱ አርብ የሥራውን ቅጂ በፍላሽ ይዘሽ ለርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት አስረክቢ፤ የገቢ መዝገቡንም ከቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ውጭ በሚቆለፍ ቦታ እንዲያስቀምጡልሽ በደብዳቤ ጠይቂ፤ የደብዳቤውንም ግልባጭ ፋይልሽ ውስጥ አኑሪ።