«የተቀዳው ማሽን» የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ አንድን ማሽን ሙሉ በሙሉ ስለ መቅዳት ለሥራ ባልደረቦቼ ባዘጋጀሁት የኡቡንቱ ሰርቨር (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና) መመሪያ ላይ «በተቀዳው ማሽን ላይ የማሽን አይዲውን ባዶ አድርጉ» ብዬ ጻፍኩ፤ የማሽን አይዲ ማሽኑ ከሌሎች የሚለይበት ቁጥር ነው። አንዱ በዋናው ላይ፣ ሌላው በቅጂው ላይ አደረገው። ዓረፍተ ነገሬ ስህተት አለበት?

መልስ፦ የሰዋስው ስህተት የለበትም፤ ጉድለቱ ሁለት ፍቺ መያዙ ነው። «ዘፈኑ ተቀዳ» ስንል የተወሰደውን ነገር እንጠራለን፤ «የተቀዳ ካሴት» ስንል ግን ተቀባዩን። «የተቀዳበት» ማለትም መፍትሔ አይሆንም። «-በት» የ«ከ»ንም የ«በ»ንም ቦታ ስለሚይዝ «ውሃ የተቀዳበት ምንጭ»ም «ውሃ የተቀዳበት እንስራ»ም ትክክል ነው። «ዋናው» እና «ቅጂው» ይበሉ። ቡድንዎ «ክሎን» ማለት ከለመደ «ክሎኑ» ያስኬዳል፤ «ክሎን የተደረገው» ግን ወደዚያው ብዥታ ይመልሳል።

ብዥታው ዋጋ ያስከፍላል። ኡቡንቱ ሰርቨር በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድለው አሠራር) አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ሲጠይቅ በተለምዶ ራሱን የሚያስታውቀው ከማሽን አይዲው በሚወጣ መለያ ነው። ስለዚህ ማክ አድራሻቸው (የኔትወርክ ካርዳቸው መለያ) ቢለያይም አይዲያቸው አንድ የሆኑ ማሽኖች አንድ አይፒ ይዘው ሊጋጩ ይችላሉ። በሥራ ላይ ያለው ዋናው ማሽን አይዲ ባዶ ከተደረገ ደግሞ ይብሳል፦ ሲነሳ አዲስ አይዲ ያወጣል፣ ቅጂው የድሮውን መለያ ይዞ ይቀራል፣ የዋናውንም አይፒ ሊወስድ ይችላል።

እንዲህ ቢጽፉት ይሻላል፦ «ቅጂውን ከኔትወርክ ሳታገናኙ አስነሱት። በቅጂው ኢቲሲ (/etc) ማውጫ ውስጥ ያለውን የማሽን አይዲ ፋይል ይዘቱን ባዶ አድርጉ፤ ፋይሉን አትሰርዙት። ከዚያ ቅጂውን ሪስታርት አድርጉ።» የዲባስ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አገልግሎት) ማሽን አይዲ ወደዚህ ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ሳይሆን ራሱን የቻለ ፋይል ከሆነ ከሪስታርቱ በፊት እሱንም ሰርዙት ይበሉ፤ አለዚያ የድሮው ቁጥር ከዚያ ተመልሶ ይገባል።

«ማክ አድራሻውን ቀይሩ» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። «-ው» የታወቀውንም አድራሻ፣ የእሱንም አድራሻ ያመለክታልና የማን እንደሆነ አይለይም። በኔትፕላን (የኡቡንቱ የኔትወርክ ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ ማክ ተጠቅሶ ከሆነ ቅጂው የዋናውን ማክ ይዞ ይመጣል፤ ከራሱ ካርድ ጋር ስለማይገጥም ያለ ኔትወርክ ይቀራል። «በቅጂው ኔትፕላን ፋይል ውስጥ የተጻፈውን የዋናውን ማክ በቅጂው ማክ ተኩ» ይበሉ።

ዋናው ማሽን ለመቅጃ ብቻ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ከሆነ ግን ትእዛዙ ይገለበጣል፦ «ዋናውን ከመዝጋታችሁ በፊት በዋናው ላይ አይዲውን ባዶ አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ አታስነሱት።» ካስነሱት አዲስ አይዲ ይዞ ስለሚነሳ ከእሱ የሚወጡ ቅጂዎች ሁሉ ያንኑ ይጋራሉ።