እጃችሁ ሊጥ ውስጥ ሲሆን

የስደት ጭንቀት ሌሊትን ይመርጣል። ቀን ሥራ አለ፣ ሩጫ አለ። ማታ ግን ስልኩ ትራስ ሥር ነው። የአገር ቤት ዜና፣ ሳይነሳ የቀረ ስልክ፣ መልሱ የዘገየ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። እኔም የፈቃዴን መልስ ስጠብቅ ብዙ ሌሊት እንዲሁ ነግቶብኛል። ኢሜይሌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ።

አንድ ሌሊት ተነስቼ ዱቄት አወጣሁ። ዳቦ አምሮኝ አልነበረም፤ እጄ የሚይዘው ነገር ስላጣ ነው። ሊጡን እያሸሁ ስልኩ ጮኸ። ጣቶቼ በሊጥ ስለተለወሱ ላነሳው አልቻልኩም። ሐሳቤ ከስንት ጊዜ በኋላ ያረፈው ያኔ ነው። አሁን የጨነቀው ወገን ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቤቱ ዱቄት እንዳለ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሰውን ቤት ሲዘጋበት በብዙ አገሮች ዱቄትና እርሾ ከሱቅ መደርደሪያ ጠፍተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የተጋገረ ዳቦ እኮ ይሸጥ ነበር። ሰው የፈለገው መጋገሩን ጭምር ነው።

ለመጀመሪያ ቀን ይህ ይበቃል፦ 500 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 325 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨው፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ። በሚዛን ለኩት፣ በግምት አትሂዱ። ውሃው ለብ ይበል እንጂ አያቃጥል። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ በጣም ሲሞቅ ይሞታል።

ከዚያ 10 ደቂቃ እሹት። መጀመሪያ ላይ እጅ ላይ ይጣበቃል። ዱቄት ልጨምር ያሰኛችኋል፤ አትጨምሩ፣ ታገሡት። ከ7 ወይም ከ8 ደቂቃ በኋላ እየለሰለሰ ይመጣል። ግሉተን የሚባለው የስንዴው ፕሮቲን እየተሳሰረ ነው። በጣት ጫን ስትሉት ቀስ ብሎ ይመለሳል። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ያሸሁት ነገር እጄ ላይ ሲለወጥ ይታወቀኛል።

ቀጥሎ መጠበቅ ነው። በስደት የምንጠብቀው ብዙው ነገር ቀኑ አይታወቅም። መቼ ይጠሩኛል፣ መቼ ይፈቅዱልኛል እያልን ነው የምንኖረው። ሊጥ ግን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ዓይናችሁ እያየ ኩፍ ብሎ እጥፍ ይሆናል። ወጥ ቤቱ ከቀዘቀዘ ኦቭኑን ሳታበሩ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ ውስጡ አስቀምጡት። ኩፍ ካለ በኋላ ቅርጽ አስይዙት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ። ከዚያ አስቀድሞ በጋለ ኦቭን ውስጥ በ220 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይቆያል። ሥሩን በጣት ስትመቱት ባዶ ነገር የተመታ ያህል ከተሰማ በስሏል።

ኩፍ ሳይል ቢቀር አትዘኑ። ብዙውን ጊዜ ወይ እርሾው ቆይቷል፣ ወይ ውሃው ሞቋል።

እንቅልፍ እምቢ ላላችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። እርሾውን ወደ 3 ግራም ቀንሱ፣ ውሃውን ቀዝቃዛ አድርጉ፣ ማታ አሽታችሁ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። 12 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ይደርሳል። ጠዋት ከአልጋ የምትነሱበት ምክንያት አገኛችሁ ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ብቻውን ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ሕይወታችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ዳቦ አይበቃም። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከሆነ ደግሞ ለነገ አታሳድሩት። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። እኔም ሄጃለሁ፣ ረድቶኛል። ዳቦውንም አልተውኩም፤ ሐኪሜም ቀጥል ብሎኛል።