ተማሪው ኪራይ ሳይከፍል ጠፋ፤ ውሉን ፍርድ ቤት ማሳየት ግድ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። አምስት ኪሎ አካባቢ ከሟች ባለቤቴ ጋር በሠራነው ግቢ ውስጥ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ቤት ለአምስት ተማሪዎች አከራይቻለሁ። ሁለቱ ማስተርስ ይማራሉ፣ ሦስቱ የግል ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ማብሰያውና መጸዳጃው የጋራ ነው። እያንዳንዳቸው በወር 5,000 ብር በእጄ ይሰጡኛል። ወረዳ የተመዘገበ ውል አለኝ። የፈረመው አንደኛው ልጅ ነው፤ ሌሎቹንም ያመጣቸው እሱ ነው። አሁን ይኸው ልጅ የሁለት ወር ሳይከፍል ጠፋ። ስልኩ አይሠራም። ፍራሹ፣ መጻሕፍቱና አንድ ሻንጣ ክፍሉ ውስጥ አሉ። መታወቂያውም እኔ ጋ ነው። አራቱ ልጆች «የእሱ ዕዳ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። ቁልፍ ቀይሬ፣ እቃውን ሸጬ ዕዳዬን ባነሳ ያስጠይቀኛል? አራቱንስ ማስወጣት እችላለሁ? ፍርድ ቤት ብሄድስ ውሉን ማሳየት ግድ ነው ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቁልፉን አይቀይሩ። እቃውንም አይሽጡ። ቤቱ የእርስዎ ቢሆንም ያከራዩት ክፍል የተከራዩ መኖሪያ ነው። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በር መዝጋት፣ እቃ ማውጣት፣ መብራትና ውኃ መቁረጥ ባለዕዳውን ከሳሽ ያደርገዋል። የሁከት ይወገድልኝ ክስ፣ ማለትም «በያዝኩት ቤት እንዳልኖር ታወክሁ» የሚል አቤቱታ፣ እና የካሳ ጥያቄ ሊመጣብዎ ይችላል። የሰው መኖሪያ መድፈር ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል። ገንዘብ ሊቀበሉ ሄደው ፖሊስ ጣቢያ ቃል ሲሰጡ እንዳይገኙ እሰጋለሁ።

እቃውን በተመለከተ፣ ክፍሉን ከአራቱ ልጆች ጋር ይጋራ ከነበረ አብረውት የሚኖሩት ባሉበት፣ ሁለት ገለልተኛ ምስክሮች ቆመው ዝርዝሩ ይጻፍ። ፎቶ ይነሳ። ሁሉም ይፈርሙ። ክፍሉ የእሱ ብቻ ከነበረ ግን መጀመሪያ ጠበቃ ሳያማክሩ አይክፈቱት። ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም፤ ነገ «ላፕቶፔ ጠፋ» ቢል በምን ይመልሳሉ? መታወቂያውንም ለቤተሰቡ ወይም ለራሱ አስፈርመው ያስረክቡ። መታወቂያ የሰው ማንነት ማረጋገጫ ነው፤ ለኪራይ መያዣ አይሆንም። ብዙ አከራዮች መታወቂያ ወይም የትምህርት ማስረጃ ይዘው «ዋስትና አለኝ» ብለው ይረጋጋሉ። ምንም የላቸውም።

አራቱ ልጆች ዕዳው አይመለከተንም ማለታቸው ትክክል ነው ወይ? መልሱ የሚወሰነው ማን እንደፈረመ ነው። አምስቱም በአንድ ውል ላይ ፈርመው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለእርስዎ ቀላል ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1896 በአንድ ግዴታ ውስጥ ያሉ ባለዕዳዎች ሌላ ስምምነት ከሌለ በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው ይላል። ይህ ማለት የጎደለውን ኪራይ ካገኙት ከአንዱ ጠይቀው፣ ጣጣውን እርስ በርሳቸው እንዲጨርሱ መተው ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን አንዱን ብቻ አስፈረሙ፤ የጠፋውም እሱ ነው። ከቀሩት ጋር በጽሑፍ የሚያገናኝዎ ነገር የለም። የየራሳቸውን 5,000 ብር እስከከፈሉ ድረስ የጓደኛቸውን እንዲሸፍኑ ማስገደድ ይከብድዎታል።

ለወደፊቱ ከተማሪ ጋር ሲዋዋሉ ሁለት ነገር ያስታውሱ። አንደኛ፣ ዕድሜ ይጠይቁ። ገና 18 ዓመት ያልሞላው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብቻውን የፈረመው ውል ሊፈርስ ይችላል፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርም። ሁለተኛ፣ ተያዥ ካስፈረሙ የሚዋስበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በቁጥር ይጻፍ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መጠኑ ያልተገለጸ ዋስትና ዋጋ የለውም ይላል። «ለሚያጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል የአጎት ፊርማ ልብ ያሳርፋል እንጂ ፍርድ ቤት አያዋጣም።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ። «ውሉን ማሳየት ግድ ነው ወይ?» ብለዋል። ትክክለኛ ውል ያለው ሰው ይህን አይጠይቅም። እንዲያውም ውሉን ይዞ ነው የሚሮጠው። በደብዳቤዎ የተማሪዎቹን ብዛት፣ የክፍሉን ብዛት፣ እያንዳንዱ የሚከፍለውን ብር ሳይቀር ጽፈውልኛል። ውሉ ላይ የሰፈረውን ኪራይ ግን አልጻፉም። ክፍያውም በእጅ ነው። እንግዲህ ልገምትና፣ ከተሳሳትኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ወረዳ የተመዘገበው ዋጋ የሚቀበሉት 25,000 ብር አይደለም። ዝቅ ያለ ነው።

ደላላው መክሮዎት ሊሆን ይችላል። ጎረቤትም «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ብሎ ይሆናል። የጡረታ ገንዘብ ከኑሮው ጋር እንደማይመጣጠን አውቃለሁ፤ ግብሩን ፈርተው እንደሆነም ይገባኛል። ነገር ግን ቢሮዬ ከሚመጡ አከራዮች ብዙዎቹን የሚጥላቸው ይኸው ነው፤ አንድ ዋጋ ለወረዳ፣ ሌላ ዋጋ ለኪስ። ስለዚህ ታግሠው ያንብቡኝ።

ውሉ 12,000 ብር ይላል እንበል። ልጁን ለሁለት ወር ዕዳ ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሉን ነው። ክስዎ ከውል የመጣ ስለሆነ ማሳየት ግድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 የጽሑፍ ውል በፈራሚዎቹ መካከል ስለተስማሙበት ነገር ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል። «በጽሑፍ 12,000 ነው፣ በቃል ግን 25,000 ተባብለናል» ብለው ምስክር ልቁጠር ቢሉ በሩ በጣም ጠባብ ነው። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን ያምናል።

ከዚያ የልጁ ጠበቃ ይነሳል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ የተከራየው ሙሉ ቤቱን በወር 12,000 ብር ነው። አብረውት የሚኖሩት አራት ልጆች ለከሳሽ በየወሩ 20,000 ብር ሲከፍሉ ነበር። በሁለቱ ወር ከሳሽ መቀበል የነበረባቸው 24,000 ብር ሲሆን የተቀበሉት 40,000 ነው። ዕዳው የት አለ?» ይላል። ምን ይመልሳሉ? እርስዎ ሊጠይቁ የሄዱት 10,000 ብር ነበር። በራስዎ ወረቀት ስሌት ግን 16,000 ብር በትርፍ የተቀበሉ ሆነው ይገኛሉ። «ትርፉ ይመለስልኝ» የሚል ጥያቄም ሊከተል ይችላል። እውነቱን ልናገር ካሉ ደግሞ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሐሰተኛ ዋጋ ማስመዝገብዎን በገዛ አንደበትዎ በችሎት ያምናሉ።

«በእጅ ስለምቀበል ማስረጃ የለም» ብለው አይጽናኑ። አራት ልጆች አራት ምስክሮች ናቸው። ደግሞ ተማሪ ነው፤ አንድ ወር ጥሬ ብር አጥቶ በቴሌብር ወይም በባንክ አልላከልዎትም? ለልጅዎ ስልክ እንኳ ቢሆን? «የቤት ኪራይ» ብሎ የጻፈበት አንድ መልእክት ይበቃል። ወረዳ ሄዶ ጥቆማ ለመስጠትም ሆነ ገቢዎች ዘንድ ለመቅረብ የሚያስፈልገው ያው ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን አከራዮች ቀድመው አያስቡትም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ጭማሪን በአከራዩ ፍላጎት ብቻ አልተወውም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። መጠኑ የሚሰላው ከተመዘገበው ዋጋ ተነስቶ ነው። ዝቅ አድርገው ያስመዘገቡት ቁጥር እንግዲህ የዘንድሮን ግብር ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የሚቀጥሉት ዓመታት ኪራይዎ መነሻም ነው። «ችግር የለም፣ አዲስ ውል ጽፈን እውነተኛውን ዋጋ እናስገባለን» ቢሉ ወረዳው ከእጥፍ በላይ የሆነ ጭማሪ አድርጎ ሊያየው ይችላል። የባንክ ብድር ቢፈልጉም፣ ቤቱ ላይ ጉዳት ደርሶ የታጣ ኪራይ ቢጠይቁም፣ የሚታመነው ያ ትንሹ ቁጥር ነው።

የግብሩ ነገር ደግሞ። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» የሚወድቅ ነው። ግብሩ የሚሰላው ወጪ ተቀንሶ ስለሆነ በጭንቀት የገመቱትና በትክክል የሚመጣው ላይገናኙ ይችላሉ። ብዙ ሰው ሳያስላ ይፈራል። የሒሳብ ባለሙያ ዘንድ ሄደው እውነተኛውን ገቢ ይዘው ያስሉት። ያልተገለጸ ገቢ ካለ ራስዎ ቀድመው ቀርበው ማስተካከልና ተይዞ መጠየቅ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። በምን መንገድ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚስተካከል ግን ሰነዱን ሳላይ በደብዳቤ ልመራዎት አልችልም፤ ልክም አይሆንም። ከወረዳው፣ ከገቢዎችና ከአዲሱ ውል የትኛው እንደሚቀድም ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ አንድ ላይ ሆነው ይዩት። እባክዎ ይህን ሳያደርጉ ክስ እንዳይከፍቱ።

ክሱን ልክፈት ወይስ ልተወው ካሉኝ፣ ዋጋው ላይ የገመትኩት ልክ ከሆነ እኔ 10,000 ብሩን ለማስመለስ ችሎት አልቆምም። አስቀድሜ ለልጁ በሚታወቀው አድራሻና በቤተሰቡ በኩል በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እልካለሁ፤ ተዋዋይ ግዴታውን አልፈጸመም ለማለት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ቀን ቆርጬ እቃውን እንዲወስድ፣ ቤቱን በጽሑፍ እንዲያስረክብ፣ ሒሳቡን እንዲጨርስ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የተማሪ ወላጅ ሲሰማ ይደነግጣል፤ ነገሩም በሽማግሌ ያልቃል። ከተስማሙ የውል ማፍረሻ ሰነድ ይፈራረሙ። ልጁ ጨርሶ ካልተገኘ ውሉ እንዲፈርስና ክፍሉን እንዲረከቡ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይኖርብዎታል፤ ያኔም በጠበቃ ምክር ይሁን።

አራቱን ማስወጣትን በተመለከተ፣ ለምን? እስከገባኝ ድረስ በወቅቱ ይከፍላሉ። እነሱ ያጠፉት ነገር የለም። በአዋጁ አከራይ ተከራይን የሚያስወጣበት ምክንያትና የማስታወቂያ ጊዜ ተወስኗል፤ «ተናድጃለሁ» ከምክንያቶቹ ውስጥ የለም። የሚሻልዎት ከእነሱ ጋር በአግባቡ መዋዋል ነው። አዋጁ የጽሑፍ ውል፣ በ30 ቀን ውስጥ ምዝገባ፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት ጊዜ፣ ከሁለት ወር ያልበለጠ ቅድሚያ ክፍያና በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጸም ኪራይ ይፈልጋል። ተማሪ ትምህርቱ በአሥር ወር ቢያልቅስ ይሉ ይሆናል። ቀድሞ የሚወጣ ተከራይ ምን ያህል ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበት ከወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ውሉ ላይ ያስፍሩት። በወጣው ምትክ ሌላ ልጅ የሚገባው በእርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ እንደሆነም ይጻፍ። አለዚያ በዓመቱ መጨረሻ ማን እንደሚኖር የማያውቁበት ግቢ ይኖርዎታል።

የመብራትና የውኃ ክፍፍል፣ የእንግዳ ማደር፣ የጋራ ማብሰያው ጽዳት በአንድ ገጽ የውሉ አባሪ ላይ ይስፈር። አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ሲለኩስ ሌሎቹ እኩል መክፈላቸው ጠብ ያመጣል፤ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ያስቡበት።

አንድ ያልነገሩኝ ነገር ደግሞ አለ። «ከሟች ባለቤቴ ጋር የሠራነው» ብለዋል። ካርታው አሁን በማን ስም ነው? የወራሽነት ማስረጃ ወጥቷል? ልጆች ካሉ የባለቤትዎ ድርሻ ላይ መብት አላቸው። አንዱ ልጅ ነገ ተነስቶ «ኪራዩን ማን ፈቀደልሽ፣ የእኔ ድርሻስ?» ቢል አዲሱ ውልም ችግር ውስጥ ይገባል። ከአራቱ ጋር ከመፈራረምዎ በፊት ከወራሾቹ ውክልና ወይም የጽሑፍ ስምምነት ይውሰዱ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሚከተሉትን ይሰብስቡ፦ የተመዘገበውን ውል ዋናውንና ቅጂውን፣ ካርታውን፣ የወራሽነት ማስረጃውን፣ የግብር ደረሰኞችን፣ ከልጆቹ በስልክ ወይም በባንክ የገባ ገንዘብ ካለ ዝርዝሩን፣ የተጻጻፉትን መልእክት። ምንም አይሰርዙ፣ ምንም አይቅደዱ፤ የኋላ ቀን ጽፈው አዲስ ደረሰኝ አያዘጋጁ። ሁሉንም ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ ለእኔ ያልጻፉትን ቁጥር ለእሱ ይንገሩት። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አቅም ካነሰዎት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የሕግ ትምህርት ቤቶች ስላሉ እዚያም ይጠይቁ። እስከዚያው ከአራቱ ልጆች የሚቀበሉትን ኪራይ ደረሰኝ እየሰጡ ይቀበሉ፤ በዋጋው ላይ አንድ ብር እንኳ አይጨምሩ።