ቢላ እየዞሩ መሳል ያዋጣል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነኝ፣ ደሞዙ የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ወሩን አያደርስም። ቅዳሜና እሁድ ሳይክሌ ላይ ዕቃ ጭኜ ቤት ለቤት፣ ሆቴልና ስጋ ቤት እየዞርኩ ቢላ ልሳል አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ግራይንደር ግዛ፣ አንዱ ቢላ በአንድ ደቂቃ ያልቃል ይለኛል። እናቴ ደግሞ አስተምሬህ አስተምሬህ ቢላ ሳይ ልትሆን ነው ብላ አኩርፋለች። በምን ልጀምር? ያዋጣልስ?

መልስ፦ ወንድሜ ያዋጣል፣ ግን ግራይንደሩን አሁን አትግዛ፣ እባክህ። ጓደኛህ ለአንተ አስቦ እንደሆነ ይገባኛል፣ እኔም የጀመርኩት በሱ ነበር። አንድ የገና ዋዜማ የጎረቤታችንን ካራ ግራይንደር ላይ ያዝኩት፣ ብልጭታው ሲወጣ ደስ ይላል፣ ሲያልቅ አፉ ላይ የጣት ጥፍር የምታክል ቦታ መጀመሪያ ቢጫ ከዚያ ሰማያዊ ሆና አየሁ፣ ምንም አልመሰለኝም። በማግስቱ በጉ ተገፎ ሳያልቅ ካራው ደነዘ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የቢላ አፍ በጣም ስስ ስለሆነ ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም፣ ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው። ያ ቦታ እስኪያልቅ ፈግፍገህ ካላወጣኸው በስተቀር ድጋሚ ስለት አይይዝም። ለማጭድ፣ ለመጥረቢያ፣ አፉ ለተሸረፈ ገጀራ ማሽን ጥሩ ነው፣ እሱንም ውሃ ውስጥ እየነከሩ። የእናቶችን የሽንኩርት ቢላ ግን በእጅህ ተማር።

የሚያስፈልግህ አንድ ባለ ሁለት ፊት መሳያ ድንጋይ ነው፣ አንዱ ሻካራ 400 ቁጥር አካባቢ፣ ሌላው ለስላሳ 1000። ውሃ የሚጠጣው ዓይነት ከሆነ ሳትጀምር 10 ደቂቃ ያህል ንከረው። እና አደራ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ አንተ ታውቀዋለህ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ውሃ የጠገበ ድንጋይ ውጪ አታሳድር፣ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰነጥቀዋል።

አሁን ዋናው ነገር ማዕዘን ነው። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢላ ከሆነ ጀርባውን ከድንጋዩ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስታደርገው 15 ዲግሪ ገደማ ይሰጥሃል፣ ለወጥ ቤት ቢላ ጥሩ ነው፣ አጥንት ለሚነካ ካራ ትንሽ ከፍ አድርገው። ከዚያ ያንን ከፍታ ሳትለቅ ከእጀታው እስከ ጫፉ ድረስ ትስላለህ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው፣ እጁ ይወዛወዝና አፉ ድቡልቡል ይሆናል፣ ከዚያ ሰዓት ሙሉ ቢያሹት ስለት የለም። በቂ መሆኑን በምን ታውቃለህ? በሌላኛው ጎን፣ ከጀርባ ወደ አፉ አቅጣጫ አውራ ጣትህን ቀስ አድርገህ ስታንሸራትት ጣትህን የሚይዝ የታጠፈ ስስ ብረት ይሰማሃል። እሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልተሰማህ ያ ጎን አላለቀም፣ ሲሰማህ ገልብጠህ ሌላውን ጎን፣ ከዚያ በለስላሳው ፊት የእጅህን ጫና እየቀነስክ ያቺን ብረት ታስወግዳለህ፣ መጨረሻ ላይ ቀበቶ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየሳብክ ጥቂት ጊዜ ታሸዋለህ፣ በቃ። አስተማሪ ስለሆንክ የደብተር ወረቀት አታጣም፣ ወረቀቱን አንጠልጥለህ ሳይቀድ ከቆረጠ ቢላው ደርሷል።

ከራስህ ቤት ቢላ ጀምር፣ ከዚያ የዘመድ። ሃያ ሠላሳ ቢላ በነጻ ሳትስል ከሰው ገንዘብ አትቀበል፣ እዚህ ላይ አልደራደርም፣ ምክንያቱም የአንድ እናት ቢላ ካበላሸህ ሰፈሩ በሙሉ በቡና ሰዓት ይሰማል፣ ካሳመርክላትም እንደዛው።

ገበያውን በተመለከተ፣ ስጋ ቤት ብቻ አትቁጠር። ስጋ ቆራጮች ሞረድ አላቸው፣ ያ ቢላቸውን የሚያሹበት ዱላ መሳይ ብረት፣ ሞረድ ግን በአብዛኛው የታጠፈውን አፍ ያቃናል እንጂ አዲስ አፍ አያወጣም፣ ስለዚህ ከሳምንታት በኋላ ሞረዱም አይረዳቸውም፣ አንተ የምትገባው ያኔ ነው። ግን ረቡዕና አርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ነቢያትም ከ40 ቀን በላይ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስጋ ቤቱ ሲቀዘቅዝ አንተም አብረህ ትቀዘቅዛለህ። ስለዚህ ሆቴሎችንና ምግብ ቤቶችን ያዝ፣ በጾም ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ሽንኩርት የሚከተፈው እንደውም ይበዛል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እመጣለሁ ብለህ ባልክበት ሰዓት መገኘት ብቻ ደንበኛ ያደርግሃል። ልብስ ሰፊዎችና ጸጉር ቤቶችም አሉ፣ ወደ መንዝ በኩል ዘመድ ካለህ የበግ ጸጉር መሸለቻ መቀስም ይመጣልሃል፣ የጸጉር ቤት መቀስ ግን ለጊዜው እለፈው፣ ውድ ነው፣ አሠራሩም ሌላ ነው።

በዓል ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ለፋሲካ ዋዜማ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ይመጣብሃል፣ እና በደንብ የደነዘ ቢላ በእጅ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፣ በ4 ሰዓት ሥራ ከ20 ብዙም አታልፍም። ስለዚህ ከሆሳዕና ሳምንት ቀድመህ ዙር፣ ሰብስብ፣ እጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፈህ የባለቤቱን ስም ጻፍ። ዶሮ በ12 ብልት የምትገነጥል እናት ቢላዋ መገጣጠሚያው ላይ ሲንሸራተትባት፣ ቆዳውን ሲያላሽቅባት አይተሃል አይደል? ቅዳሜ ማታ ያ እንዳይሆን ካደረግክላት በሚቀጥለው ዓመት እሷ ናት የምትፈልግህ። ዋጋውን ሰው ሳያስብ የሚከፍለው አድርገው፣ በእኔ አስተያየት የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው፣ ለተሸረፈ ጨምር።

ሁለት ነገር ደግሞ ሳልረሳ። የክርስቲያን ማረጃ ካራና የሙስሊም ማረጃ ካራ በአንድ ቀን ሊመጣልህ ይችላል፣ ድንጋይህንና ቢላውን በባለቤቱ ፊት በንጹህ ውሃ እጠብ፣ ሰው ይህን ያያል። ሌላው፣ ጊዜውን ታውቀዋለህ፣ ሃያ ቢላ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ጥያቄ ያስነሳል። እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልል፣ በሚቆለፍ ሳጥን አስቀምጥ፣ በቀን ብቻ ዙር፣ ቀበሌ ሄደህ አሳውቅ፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃዱ ጠይቅ፣ መታወቂያህ ከኪስህ አይጥፋ።

ስለ እናትህ። ኩርፊያቸው አይግረምህ፣ በእኛ አገር ብረት የነካ እጅ ስንት ዘመን ሲሰደብ ኖሯል፣ ቀጥቃጭ፣ ጠይብ እየተባለ። ማረሻውንም ማጭዱንም ከነዚህ ሰዎች እጅ እየተቀበልን እነሱን ማግለላችን ሁሌም ያንገበግበኛል። ግን እዚሁ አጠገባችሁ አንጎለላ የተወለዱት አጼ ምኒልክ ናቸው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት። ይህንን በክርክር መልክ ሳይሆን ቁጭ ብለህ በእርጋታ ንገራቸው፣ ከዚያ በፊት ግን የሳቸውን ቢላ ስለህ፣ ምንም ሳትናገር ቦታው መልሰህ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ሲና ልብስ ሰፊ ነኝ። መቀሴን አንድ ልጅ ስሎልኝ ከዚያ ወዲህ ጨርቁን መቁረጥ ትቶ ያጥፈዋል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ምናልባት የውስጡን ጠፍጣፋ ፊት ፈግፍጎት ይሆናል። የመቀስ ሁለቱ ምላጮች ውስጥ ለውስጥ እየተነካኩ ነው የሚቆርጡት፣ የሚሳለው በውጭ በኩል ያለው ዘንበል ያለው ጠርዝ ብቻ ነው፣ ውስጡ ከተፋቀ መሃሉ ክፍተት ይፈጠርና ጨርቁ እዚያ ገብቶ ይታጠፋል። መጀመሪያ ግን ብሎኑን እዪው፣ ላልቶ ከሆነ ያው ችግር ነው የሚያመጣው፣ ትንሽ አጥብቂውና መቀሱን ከፍተሽ አንዱን እጀታ ልቀቂው፣ በራሱ ቀስ ብሎ ወርዶ መንገድ ላይ ከቆመ ልክ ነው፣ ዝም ብሎ ከወደቀ ገና ላላ ነው። ከዚያ እርጥብ የነጠላ ቁራጭ በጫፉ ሞክሪ፣ ጫፉ ጋር ከቆረጠ ደህና ነው። ካልቆረጠ የውስጡ ፊት ተበልቷል፣ እሱን ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ስጪው እንጂ ለዚያው ልጅ አትመልሺለት። እና በጨርቅ መቀስሽ ወረቀት የሚቆርጥ ሰው እንዳይኖር፣ ፓተርን የምትቆርጪበት ሌላ መቀስ ይኑርሽ።