መሬት ለሌለው ተፈናቃይ፦ የጆንያ ጓሮና የኮምፖስት ጥያቄና መልስ (ደሴ–ኮምቦልቻ)

መልስ ሰጪ፦ ስትጠይቁ ከፍታችሁንና አፈራችሁን ጻፉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው፤ መልሱ አንድ አይሆንም።

የሐይቅ ልጅ፦ ጃሪ የተፈናቃዮች መጠለያ ያሉ እናቶች መሬት የላቸውም። ከምን ይጀምሩ?

መልስ ሰጪ፦ ከማዳበሪያ፤ ጆንያውን ማለቴ ነው። ባለ 50 ኪሎውን አቁሙና ታቹን ድንጋይ አንጥፉ። አፉም ታቹም የተቆረጠ የወተት ጣሳ መሐል አስቀምጡ፤ ጣሳውን ጠጠር፣ ዙሪያውን አፈር ሙሉ። ጣሳውን ወደ ላይ ሳቡ፣ እንደገና ሙሉ፣ እስከ አፉ ድረስ። ድብልቁ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት ነው፤ ዋልካ ከሆነ 1 እጅ አሸዋ ጨምሩ። ጠጠሩን የዘለለ ሰው ላዩ ጭቃ፣ ታቹ ደረቅ ይሆንበታል። ጎኑን በየ 20 ሳንቲ ሜትሩ አፈራርቃችሁ ሰንጥቁና ጎመንና ቆስጣ ትከሉ። ስንጥቁ ከሁለት ጣት ከሰፋ አፈሩ ከውሃው ጋር ይወጣል። ቦታ ልቀቁ ቢባሉ ተጋግዘው ተሸክመውት ይሄዳሉ።

ጦሳ፦ ውሃው ከፋብሪካዎቹ በታች ከቦርከና ወንዝ ቢቀዳስ?

መልስ ሰጪ፦ አይሆንም። ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባው ከባድ ብረት (መርዛማ ማዕድን) ውሃውን ቢያፈሉትም አይጠፋም።

ሸዋ በር፦ ኮምፖስት በስንት ቀን ይደርሳል?

መልስ ሰጪ፦ ከፍታ አልጻፍክም። ኮምቦልቻ ከሆነ ወደ 3 ወር፣ ደሴ 4 ወር። ቁልሉ በርዝመትም በወርድም በቁመትም ከ 1 ሜትር ካነሰ አይሞቅም። 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ አገዳ፣ 10 እርጥብ ቅጠል፣ 5 ፍግ፣ ስስ አፈር፤ እየደጋገማችሁ ከምሩ። መሐሉ እንጨት ሰክታችሁ ተዉት፤ በሳምንቱ መዝዛችሁ በእጃችሁ ያዙት። ከሞቀ ደህና ነው። ከደረቀና ነጭ ሻጋታ ካለው ውሃ፤ ከሸተተ አገላብጡና ገለባ። በ 3 ሳምንቱ አገላብጡ። ሳይበስል ከዘራችሁበት ናይትሮጅኑን ለመበስበሻው ይወስድና ችግኙ ቢጫ ይሆናል።
ቅንጨ አረምን አበባ ካወጣ በኋላ ቁልል ውስጥ አታስገቡ! ቁልሉ ዳር ዳሩ ስለማይሞቅ ዘሩ አይሞትም፤ በራሳችሁ እጅ ማሳው ላይ ትበትኑታላችሁ። ስትነቅሉትም ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል።

ፒያሳ፦ ስደተኛ እኮ የመሥራት መብት በአዋጅ ተሰጥቶታል፣ መሬት ለምን አይሰጣቸውም?

የሐይቅ ልጅ፦ ተፈናቃይ ስደተኛ አይደለም ወንድሜ፣ በገዛ አገሩ ነው ያለው።

ፒያሳ፦ ለራበው ምን ልዩነት አለው?

መልስ ሰጪ፦ ለሕጉ አለው። የስደተኞች አዋጅ 1110/2011 ድንበር ተሻግሮ ለመጣ ነው። እዚህ ክርክሩ ይብቃ።

እትዬ፦ መሬት የእኩል (ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ለመካፈል) ልንይዝ ነው፣ ባለመሬቱ ደግ ሰው ነው።

መልስ ሰጪ፦ አብሽሪ እትዬ፣ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ ቀበሌ መሬት አስተዳደር ይመዝገብ። ቢያንስ 3 ዓመት። አፈሩ በኮምፖስት የሚያምረው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ባለመሬቱም ማሳውን የሚፈልገው ያኔ ነው። በቃል የተያዘ መሬት ላይ ኮምፖስት አትጨርሱ፣ በጆንያ ቆዩ።

ጦሳ፦ ለ 60 ሰው የአዳራሽ ሥልጠና አስበናል።

መልስ ሰጪ፦ ተዉት። 12 ሰው በአንድ ቁልል ዙሪያ፣ እጃቸው ፍግ ነክቶ። በ 3 ሳምንት ለማገላበጥ ተመልሳችሁ ጥሯቸው፤ ብዙው ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው። የመሬት ውል በጽሑፍ እንዳላቸውም ጠይቋቸው፣ ደግሜ ነው የምለው።

ዓዝዋ፦ ኮምፖስት በስንት ቀን ይደርሳል?

መልስ ሰጪ፦ ከፍታ?

ዓዝዋ፦ ደሴ።

መልስ ሰጪ፦ ከላይ ተጽፏል። እንጨቱን ስካ።