መብት ማስተማር ተማሪን ያባልጋልን?

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በሕገ መንግሥቱ የተደነገጉትን መብቶችና ነፃነቶች ከነአንቀጽ ቁጥራቸው ያንበለብሉልኛል፤ ከመካከላቸው አንዱን በኑሯችሁ ውስጥ አሳዩኝ ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ደፈር ያሉት ደግሞ «ተጻፈ እንጂ የት አለ?» ይሉኛል። የሥራ ባልደረቦቼም «መብት መብት እያልህ ልታባልግብን ነው» እያሉ ይወቅሱኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ስለ መሠረታዊ መብቶችና ነፃነቶች የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ከአንቀጽ 13 እስከ አንቀጽ 44 ይዘልቃል። እነዚህን ሁሉ በየተራ ማስጠናት ለፈተና ይጠቅም ይሆናል፤ እኛ ግን ሁለት ሦስቱን መርጠው እስኪገቡ ድረስ ቢያስተምሩ እንመርጣለን።

ለመነሻ የሚሆነው ነገር በየክፍሉ አለ፤ የክፍል አለቃው የሚጽፈው የረባሾች ስም ዝርዝር ነው። መምህር በሌለበት ሰዓት አለቃው ስም ይመዘግባል፤ መምህሩ ሲገባ ዝርዝሩ ይነበባል፤ ስሙ የተጠራ ሁሉ ይንበረከካል ወይም ይገረፋል። ምን አደረገ፣ ማን አየው ብሎ የጠየቀ፣ አለቃው ከልጁ ጋር ቂም ይኑረው አይኑረው የመረመረ የለም። ይህን ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ከጎኑ አንቀጽ 20ን ያስነብቡ። አንቀጹ የተከሰሰ ሰው ክሱን በዝርዝርና በጽሑፍ የማግኘት፣ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር፣ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ፣ ውሳኔው ቅር ካሰኘውም ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እርግጥ ነው፣ ድንጋጌው በወንጀል ለተከሰሰ ሰው እንጂ ለክፍል ረባሽ አልተጻፈም፤ ይህን ልዩነት ግን እርስዎ አይንገሯቸው፣ ራሳቸው ይድረሱበት። ከዚያም ከሳሽ፣ ተከሳሽና ዳኛ አድርገው ያሟግቷቸው። በላ ልበልሃ እየተባባለ ሲሟገት ለኖረ ሕዝብ ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ተከሳሹ ራሱ አለቃው የሚሆንበት ተራም ይኑር።

ባልደረቦችዎን በተመለከተ፣ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ፣ ጭካኔ ካለበትና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን በግልጽ ይደነግጋል። አንዳንዱ መምህር «ብልግና» የሚለው ልጁ ይህን ማወቁን እንዳይሆን እንሰጋለን። ስድብን መብት አድርጎ የሚቆጥር ተማሪ ካለ ደግሞ አንቀጽ 29ን እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል እዚያው ሰፍሯል። ታላቅን ማክበርና ምክንያት መጠየቅ አብረው መሄድ ይችላሉ። «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተቆጣ ሰው ዱላውን ይመልስ የነበረው ሕጉ ከዱላው በላይ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው «ተጻፈ እንጂ የት አለ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት አይቁጠሩት፤ ሁሉም ተከብሯል ብለው ቢመልሱም ልጆቹ ዳግመኛ አያምኑዎትም። በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ሰዓቱ በቁጥር መቀመጡ፣ ሲጣስ ቤተሰቡ ቆጥሮ «አለፈ» እንዲል ያስችለዋል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ መብት ግዴታው የማን እንደሆነ፣ ሲጣስም አቤቱታው ለፍርድ ቤት፣ ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን ወይስ ለእንባ ጠባቂ ተቋም እንደሚቀርብ ፈልገው ይጻፉ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ብዙዎቹ መብቶች ሊገደቡ ቢችሉም፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 25 ያኔም እንደማይነኩ አንቀጽ 93 ይናገራል። የእናንተ ከተማ ልጆች ይህን ለማወቅ የሚጠቅም ምሳሌ ከእኛ አይሹም።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፤ ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ ከማውጣትዎ በፊት አለቃውን ለብቻው ያናግሩት። እርሱም ልጅ ነው፤ ስም እንዲጽፍ ያዘዝነው እኛው መምህራን ነን።