«ታካሚ ሲሞትብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ለተባለችው ሐኪም

እህቴ ዶክተር፣ የላክሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት። ለገጣፎ ውስጥ ለአንድ የግል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተወዳድረሽ፣ ማትሮኗ (የነርሶቹ ኃላፊ) «ታካሚ ሲሞትብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብትልሽ «ሥራው ነው፣ ለምጄዋለሁ» ብለሽ ወጣሽ። አልጠሩሽም። የፊታችን ሰኞ ደግሞ ሰበታ ሌላ ኢንተርቪው አለሽ። ኢንተርን ሳለሽ ደም ፈሷት የሞተችውን ወላድም አንስተሽልኛል።

ቅጥር ኮሚቴ ላይ ብዙ ተቀምጫለሁና እውነቱን ልንገርሽ፤ «ለምጄዋለሁ» የሚል ሐኪም ያስፈራናል። «ሁሌ አለቅሳለሁ» የሚለውም እንደዚያው። ማትሮኗ ሆድሽ ይባባ አይባባ አልጠየቀችሽም። አንዱ ሞቶ ሌላው አልጋ ላይ እየጠበቀሽ ምን እንደምትሠሪ ነው የጠየቀችሽ።

የወላዷን ነገር ንገሪያቸው፣ ግን ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ለእኔ ስትጽፊ «ደም ባንክ ደም ቢኖረው ኖሮ» ብለሽ ነው የጀመርሽው። እውነትሽን ይሆናል፤ እዚያ ግን በዚህ ከጀመርሽ ጣት መቀሰር ይመስልብሻል። በእጅሽ ከነበረው ተነሺ፦ ማህፀኗን አሸሁ፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ሰጠን፣ በሁለቱም እጇ ደም ሥር ላይ አይቪ ላይን ከፈትን፣ ሲኒየር ጠራሁ። የዘገየሽበት ካለ አትደብቂው። የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልተሰጠ እንደማይረባ ታውቂያለሽ፤ «ያኔ ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት፣ ዛሬ ቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው» የሚል ሐኪም ቢመጣ እኔ እቀጥረዋለሁ። ሞቷ ተገምግሞ አንቺም ተቀምጠሽ ከነበረ ጥቀሺው። የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም፤ ቀዳዳው የቱ ጋ እንደነበረ ለማወቅ ነው።

አብዛኛው ሐኪም የሚዘለው መርዶውን ነው። በእኛ ባህል መርዶ ዘመድ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። ኮሪደር ላይ ግን ብቻሽን ነሽ። ነርስ ሳለሁ አንድ ወጣት ሐኪም ለአንዲት እናት ቀስ ብሎ «ልጅዎ አርፏል» አላቸው። «ተመስገን! ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ፣ ትንሽ ይረፍ» ብለው አጥሚት የያዘውን ፔርሙስ ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ሐኪሙ ዞሮ እኔን አየኝ። ሁለተኛ መናገር ነበረበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከፋል። ቃሉ «ሞቷል» ነው። አስቀምጠሻቸው፣ ከአጠገባቸው ሰው እንዳለ አይተሽ፣ ስልክሽን ዘግተሽ ትናገሪያለሽ፤ ከዚያ ዝም ትያለሽ። ዝምታው ይከብዳል፣ በማብራሪያ አትሙዪው። ይህን እንደምታውቂ ማትሮኗ ብትሰማ ኖሮ ሌላውን ባልጠየቀችሽም።

«አንቺስ ከዚያ በኋላ?» ካሉሽ ያለሽን በዪ። ከተረኛ ጓደኛሽ ጋር ታወሪያለሽ? ትጸልያለሽ? ተናገሪው፣ ማንም አይስቅብሽም። ዮጋ ምናምን እያልሽ ግን የማትሠሪውን አትደርድሪ። እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ሳምንት አልፎም ካልተመለሰልሽ፣ ለአለቃሽ ነግረሽ እርዳታ እንደምትጠይቂ መናገርም ድክመት አይደለም።

አንድ ነገር፤ የወላዷን ስም፣ ሰፈሯን፣ ሆስፒታሉንም አትጥሪ። ሰበታም ሆነ ጣፎ ሰው ይተዋወቃል፤ ፊትሽ የተቀመጠችው ነርስ አክስቷ ብትሆንስ?

ቅዳሜ ከሰዓት ደውዪልኝ። ጮክ ብለሽ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ።